ብላይንድ ከመግዛታችሁ በፊት ማታ ወጥታችሁ ቤታችሁን እዩት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሳሎናችን ሮለር ብላይንድ፣ ማለትም ዘንግ ላይ የሚጠቀለል የመስኮት መሸፈኛ፣ አሰቀልኩ። ጨርቁ እንደ ወንፊት ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው፣ ግራጫ ነው። ቀን ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። ከመንገድ ወደ ውስጥ ግን ምንም አይታይም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሳምንቱ አምሽቼ ስመለስ ቀና ብዬ መስኮታችንን አየሁት። ብላይንዱ እስከ ታች ወርዷል፣ መብራቱ በርቷል። ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ታነባለች። የመጽሐፏ ሽፋን ቀይ መሆኑ እንኳ ከመንገድ ማዶ ይለያል። ልቤ ድንግጥ አለ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሆነን ኖረናል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብላይንድ ልገዛ ነው ብሎ ለሚያማክረኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ማታ መብራቱን አብርታችሁ ውጡና ቤታችሁን ከውጭ እዩት።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። በስስ ጨርቅ አሻግሮ የሚታየው ብርሃን ያለበት ወገን ነው። ቀን ብርሃኑ የሚበዛው ውጭ ነው፤ ስለዚህ ከውስጥ ያለ ሰው ውጭውን ያያል። ማታ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል። እናንተ የምታዩት ጥቁር መስታወት ነው፣ ውጭ ያለው ሰው ደግሞ እናንተን ያያል። እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው የመስኮት ፊልምም ያው ነው። «ቀንም ማታም ከውስጥ ያሳያል፣ ከውጭ አያሳይም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ማታ ግላዊነት የሚሰጠው ድፍን ጨርቅ ወይም በደንብ የሚዘጋ ክንፍ (ተደርድረው ብላይንዱን የሚሠሩት ጠባብ ዝርግ ቁራጮች) ነው።

መጀመሪያ መስኮቱን አንድ ቀን ተከታተሉት

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የዕረፍት ቀን ለመስኮቶቻችሁ ስጡ። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ጠዋት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሰዓት በኋላና ማታ እያንዳንዱን ክፍል ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ፀሐይዋ የት ላይ ታርፋለች? ቴሌቪዥኑ ላይ ነው? ትራሱ ላይ ነው? የምትሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ነው? ከዚያ ደግሞ ዓይኖቹን ፈልጉ። ማን፣ ከየት፣ ምን ያህል ቀርቦ ማየት ይችላል? ከፊት ለፊት ፎቅ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ አለ? ወይስ ከታች በመንገድ የሚያልፍ ሰው ነው?

ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩ መስኮቶችን ለብቻ ጻፏቸው። ጠዋትና ወደ ማምሻው ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ በጣም የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከላይ ስለሆነች ትንሽ የጣራ ክፈፍ እንኳ ይከላከላታል። ዝቅ ስትል ግን ክፈፍ አያቆማትም።

የሙቀትን ነገርም አስቡበት። የፀሐይ ሙቀት አንዴ መስታወቱን አልፎ ከገባ ብላይንዱ የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀት ዋና ችግራችሁ ከሆነ ከመስኮቱ ውጭ የሚሆን ጥላ ከየትኛውም የውስጥ ብላይንድ ይበልጣል። ውጭ መሥራት ካልቻላችሁ፣ ወደ መስታወቱ የሚዞረው ፊቱ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ብላይንድ ምረጡ። ጥቁር ፊት ሙቀቱን ይጠጣና መልሶ ለክፍሉ ይሰጠዋል።

ለየትኛው ክፍል የትኛው

አግድም ክንፍ ያለው ብላይንድ ሰው ከሚያስበው በላይ ጎበዝ ነው። ብዙዎቻችን «ክፍት» እና «ዝግ» ብቻ አድርገን ስለምንጠቀምበት እናባክነዋለን። መቆጣጠሪያ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አዙሩና ክንፎቹን ተመልከቱ። የሚዘጉት በሁለት አቅጣጫ ነው፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች ደግሞ አንድ አይደሉም።

በመስታወቱ በኩል ያለው ጠርዝ ወደ ታች፣ በእናንተ በኩል ያለው ወደ ላይ ሲሆን፣ በክንፎቹ መሃል የምታዩት የውጭውን መሬት ነው። ከላይ የሚመጣ ፀሐይ ይቆማል። ከፊት ለፊት ፎቅ ላይ ቁልቁል የሚያየው ጎረቤትም የሚያየው የክንፎቹን ጀርባ ብቻ ነው። ገልብጡት፤ የመስታወቱ በኩል ጠርዝ ወደ ላይ ይሁን። አሁን የምታዩት ሰማዩን ነው። ብርሃን ከላይ በደንብ ይገባል፣ ከታች መንገድ ላይ ሆኖ ሽቅብ የሚያይ ሰው ግን አይታየውም። ስለዚህ የሚያያችሁ ዓይን ከላይ ከሆነ የውጭውን ጠርዝ ወደ ታች አድርጉት፣ ከታች ከሆነ ወደ ላይ። ክንፎቹን አግድም እንደተዘረጉ ብትተዋቸው ደግሞ ፀሐይዋ የክንፉን ገጽ መትታ ወደ ኮርኒሱ ትነጥራለች። ክፍሉ ደመቅ ይላል፣ ዓይን ግን አትወጋም። ለመሥሪያ ጠረጴዛ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ክንፍ ያዙ። እውነተኛ እንጨት በእንፋሎት ይጣመማል። ጨርቅ ደግሞ ዘይትና ሽታ ይይዛል። ከምድጃ አጠገብ የሚንጠለጠል ጨርቅ አደጋም ነው። በዚህ አልደራደርም። ሌላም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሰው የሰጣችሁ ወይም ቤቱ ውስጥ ያገኛችሁት በጣም ያረጀ የፕላስቲክ ብላይንድ ካለ አውጥታችሁ ጣሉት። በ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን በአንዳንድ የፕላስቲክ ብላይንዶች ውስጥ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት አግኝቷል። ፕላስቲኩ በፀሐይ ሲያረጅ እርሳስ ያለበት አቧራ ክንፎቹ ላይ ይወጣል። ትናንሽ ልጆች ደግሞ ክንፉን ነክተው እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ።

ለመኝታ ቤት ብላክአውት፣ ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ፣ ይፈለጋል። ግን «ብላክአውት» የሚለው ስም የጨርቁ ነው እንጂ የክፍሉ አይደለም። ጨርቁን ሱቅ ውስጥ የስልካችሁን መብራት ከጀርባው አስጠግታችሁ ፈትሹት። ምንም ነጥብ ካልታየ ጥሩ ነው። ቤት ስትሰቅሉት ግን ብርሃን በጎንና በላይ ይገባል። ምክንያቱም የሮለር ጨርቅ ከዘንጉና ከብራኬቱ (ብላይንዱን ከግድግዳው ጋር ከሚያስረው መያዣ) ይጠባል፤ በእያንዳንዱ ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ሰንሰለቱ ባለበት በኩል አንዳንዴ ከዚያም በላይ ክፍተት ይቀራል። ጠዋት ከዚያች ስንጥቅ የምትገባው ቀጭን የብርሃን መስመር ልክ ዓይናችሁ ላይ ስታርፍ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። መፍትሔው ብላይንዱን ከመስኮቱ ክፍተት ውጭ ግድግዳው ላይ መስቀልና በየጎኑ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማሳለፍ ነው። ጨርቁ በጎን ቦይ ውስጥ የሚወርድበት ዓይነትም አለ። ወይም በላዩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ጨምሩ።

ወንፊት መሰል ሮለር ጥፋቱ የእኔ ዓይነት ግዢ ላይ ነው እንጂ በራሱ መጥፎ አይደለም። ቀን ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ ዕይታም አይወስድም። ሲሸጥ 1፣ 3፣ 5 ወይም 10 ከመቶ ይባላል፤ ቀዳዳው የጨርቁን ስንት ከመቶ እንደያዘ ለማለት ነው። ለኮምፒውተር ሥራ 3 ከመቶ አካባቢ ጥሩ ነው። ጥቁሩ ጨርቅ ከነጩ ይልቅ ወደ ውጭ አጥርቶ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ይጠብቃል። ማታ ግን ከኋላው ድፍን ጨርቅ ያስፈልገዋል። ሁለት ሮለር በአንድ ብራኬት ላይ የሚይዝ አለ፣ አንዱ ወንፊት አንዱ ድፍን። እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት ይህን ነው።

ዜብራ የሚባለው ስስና ድፍን መስመሮች እየተፈራረቁ ያሉት ነው። ያምራል፣ ለሳሎንም ይመቻል። ሲዘጋ መስመሮቹ ይደራረባሉ፣ ግን ሙሉ ጨለማ አይሰጥም። ስሱ ከስሱ ጋር ሲገጥም ደግሞ ማታ ያሳያል። ቁም ክንፍ ያለው፣ ብዙዎች የቢሮ መጋረጃ የሚሉት፣ ለሰፊ መስኮትና ለበረንዳ በር ነው። ዝቅ ብላ በጎን የምትገባ ፀሐይንም በደንብ ይከላከላል።

ምድር ላይ ላለ፣ ሰው በአጠገቡ ለሚያልፍበት መስኮት የምወደው ከላይም ከታችም የሚከፈተውን ነው። ከታች ያለውን ግማሽ ትሸፍኑና ከላይ ሰማዩን ትተዋላችሁ። እሱ ካልተገኘ የመስታወቱን የታች ግማሽ ወተት መሰል ፊልም ለጥፉበት። ቀንም ማታም ይሠራል፤ ማታ መስታወቱ ሥር ከቆማችሁ ግን ጥላችሁ ይታያል። ተከራይ ለሆነና ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለትም ይህ ቀላሉ መንገድ ነው። ጥቁር ፊልም ግን ድርብ መስታወት ላይ ዝም ብላችሁ አትለጥፉ፤ መስታወቱ ሙቀት ይዞ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ልኬት

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የብረት ሜትር ተጠቀሙ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል። ቁጥሩን በሚሊ ሜትር ጻፉ። ወርዱን አስቀድሙ፣ ቁመቱን አስከትሉ፤ ሱቅ ውስጥ የሚገለባበጠው እሱ ነው።

መጀመሪያ ብላይንዱ ከመስኮቱ ክፍተት ውስጥ ይሁን ወይስ ከውጭ ግድግዳው ላይ የሚለውን ወስኑ። ውስጥ ሲሆን ንጹሕ ይመስላል፣ ቦታም አይይዝም። ግን ጥልቀት ይጠይቃል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ ሲዞር መስታወቱን ወይም እጀታውን እንዳይነካ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነጻ ጥልቀት ያስፈልገዋል። መስኮታችሁ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከውስጥ የተሰቀለ ብላይንድ መንገድ ይዘጋበታል። ስለዚህ ከክፍተቱ ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ ስቀሉት፣ ወይም በራሱ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ የሚታሰር ምረጡ።

ከውስጥ ከሆነ ወርዱን ሦስት ቦታ ለኩ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ትንሹን ቁጥር ያዙ። ቁመቱን ደግሞ በግራ፣ በመሃል፣ በቀኝ ለክታችሁ ትልቁን ያዙ። የሦስቱ ቁጥር እንደሚለያይ ታያላችሁ፤ ልስን የእጅ ሥራ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤት እንዲሁ ነው። ሁለቱን ሰያፍ መስመሮችም ለኩ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ክፍተቱ ተጣሟልና ከውጭ መስቀል ይሻላል።

አሁን ልብ በሉ። ስታዝዙ «ይህ የክፍተቱ ልክ ነው» ወይም «ይህ የብላይንዱ ልክ ነው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ፣ ደረሰኙ ላይም ይጻፍ። ከውስጥ የሚገባ ብላይንድ እንዳይፋተግ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀነስለታል። ይህን እናንተ ቀንሳችሁ ሠሪውም ከቀነሰ ይጠባል። ማንም ካልቀነሰ ደግሞ አይገባም።

ከውጭ ከሆነ ቀላል ነው። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ 10፣ ከታችም 10 ጨምሩ። አግድም ክንፍ ያለው ሲሰበሰብ ከላይ ተደራርቦ ስለሚቆም፣ መስታወቱ እንዳይሸፈን ከፈለጋችሁ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

ልጆች ካሉ

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። የብላይንድ ገመድና ሰንሰለት ሕፃናትን አንቆ ገድሏል። ልጁ ድምፅ ሳያሰማ፣ ወላጅ ጎን ክፍል ውስጥ እያለ ነው የሚሆነው። ልጅ ባለበት ወይም በሚመጣበት ቤት ገመድ የሌለውን ግዙ፤ በእጅ ተገፍቶ የሚወጣና የሚወርድ ወይም በሞተር የሚሠራ። ያላችሁ ባለ ሰንሰለት ከሆነ፣ አብሮት የሚመጣውን የፕላስቲክ መያዣ ግድግዳው ላይ በብሎን እሰሩና ሰንሰለቱን ወጥሩት። ዝም ብሎ መንጠልጠል የለበትም። ኢኤን 13120 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ የሰንሰለቱን ርዝመትና ከወለሉ የሚኖረውን ርቀት ይወስናል። አልጋ፣ ወንበርና ሶፋም ከመስኮቱ ሥር አንሱ። ልጅ በምን እንደሚወጣ አይታወቅም።

አሰቃቀል

ድሪል፣ ፑንታ (ድሪሉ ላይ የሚገባው መብሻ)፣ ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዝ ፕላስቲክ) እና ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ እርሳስና የማይንቀሳቀስ መሰላል ያስፈልጋል። ለዓይናችሁ መነጽር አድርጉ። የሚይዝላችሁ አንድ ሰው ካለ ሥራው በግማሽ ይቀላል።

1. ከእሽጉ አውጥታችሁ ሁሉንም ወለል ላይ ዘርጉ። ብላይንዱን ቦታው ላይ በእጅ ይዛችሁ ሞክሩት። ካልገባ አሁኑኑ እወቁት፤ ከተበሳ በኋላ አይመለስም።

2. የብራኬቶቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከልስኑ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ራቁ፣ አለዚያ ልስኑ ይፈረፈራል። ሁለቱን ምልክቶች በውሃ ልክ አስተያዩ። በዓይናችሁ አትመኑ፣ በኮርኒሱም አትመኑ። ሮለር ጥቂት እንኳ ካዘመመ ጨርቁ ወደ አንድ ጎን እየሄደ ጠርዙ ይበላል።

3. ከመብሳታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ መስመር በየት እንደሚያልፍ አስቡ። ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

4. ፑንታው ከፊሸሩ ጋር እኩል ይሁን፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ፊሸር 6 ሚሊ ሜትር ፑንታ። የፊሸሩን ርዝመት ፑንታው ላይ ለክታችሁ ከዚያ ትንሽ አሳልፋችሁ ፕላስተር ጠምጥሙበት። ፕላስተሩ ግድግዳውን ሲነካ አቁሙ። ከመስኮት በላይ ብዙ ጊዜ አርማታ ነው፤ ድሪሉን በመዶሻ ስልት አድርጉት። ብሎኬት ከሆነ ያለ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ብሱ፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይሰበራል። የጂፕሰም ቦርድ የራሱ ፊሸር አለው፤ ተራው አይዝለትም። የአሉሚኒየም ክፈፍ ላይ ከሆነ አጭር ብሎን፣ ከመስታወቱ የራቀ።

አንድ ጥሩ ዘዴ አለች። ከምትበሱበት ቦታ ሥር የተከፈተ ፖስታ በፕላስተር ለጥፉ። ነጩ ዱቄት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይወርዳል፣ ሶፋችሁም ይተርፋል።

5. አቧራውን ከቀዳዳው አውጡ፣ ፊሸሩን ከግድግዳው እኩል እስኪሆን ግፉ። ፊሸሩ አብሮ ከዞረ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ በትልቅ ፊሸር ተኩት። ክብሪት እየጠቀጠቁ ማለፍ ለጊዜው ነው፣ ብላይንዱ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል።

6. ብራኬቶቹን እሰሩ፣ እንደገና በውሃ ልክ እዩ፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቁ። ብላይንዱ ሰፊ ከሆነ አብሮ የሚመጣውን የመሃል ብራኬት አትተዉት። ብላይንዱን ስታስገቡ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ስሙ። ካልሰማችሁ አልያዘም። ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ ካልተነቃነቀ ልቀቁት።

ሮለሩ ሲጠቀለል ወደ ግራ ከሄደ፣ ውሃ ልኩም ትክክል ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ዘንጉ ላይ በቀኝ በኩል ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። ወደ ቀኝ ከሄደ በግራ። ያ ጎን በጥቂቱ ሲወፍር ጨርቁን ወደ ራሱ ይስበዋል። አንድ ዙር ለጥፋችሁ ሞክሩ፤ ካልበቃ ሌላ ጨምሩ።

ሲመሽ ሁሉንም መብራት አብሩና አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ትታችሁ ውጡ። ስልክ ደውሉለት። መስኮቱ አጠገብ ይቁም፣ ይቀመጥ፣ እጁን ያንቀሳቅስ። ከፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም እዩ፤ የሮለር የጎን ክፍተት የሚያጋልጠው ከጎን ነው። የሚታይ ነገር ካለ በየት በኩል እንደሆነ ንገሩትና ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግ። ጠዋት ብራኬቱን ማንቀሳቀስ ወይም በዚያ ጎን መጋረጃ መጨመር የሚያስፈልገው እዚያ ምልክት ላይ ነው።